ከመጽሐፍ ጀርባ የተሰፉ አስተያየቶች

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሼ መኩሪያ «እጅሽን አምጪ» አሉኝ። ሰጠኋቸው። መዳፌን ገለባብጠው አዩና የጣቶቼን ጫፍ አንድ በአንድ ዳበሱ። «ያልብሻል» አሉ። ስለፈራሁ ነው አልኳቸው። «ወረቀት ላብ አይወድም፤ ሂጂ ታጠቢ» አሉኝ። ታጥቤ ተመለስኩ፣ እንደገና አላበኝ። ያን ቀን ስንት ጊዜ ወደ ውሃው በርሜል እንደተመላለስኩ አላስታውስም። ማታ ቤት ስገባ እናቴ እጄን አይታ «የተቀጠርሽው ለጥረዛ ነው ወይስ ለልብስ አጠባ?» ብላ ሳቀችብኝ።

እኔ ፈሪ ነኝ። አስቀድሜ መናገሩ ይሻላል። ውሻ እፈራለሁ፣ ነጎድጓድ እፈራለሁ፣ ማኅተም ያረፈበት ፖስታ እፈራለሁ። ዕድሜዬን በሙሉ በመጽሐፍ ጥረዛ ሳሳልፍ ብዙ ሰው ጎበዝ ብሎኛል፤ ደፋር ያለኝ ግን የለም፤ ቢለኝም አላምነውም።

ጥረዛ ቤቱ ከአጠና ተራ ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ወፍጮ ቤት አጠገብ ነበር። ወፍጮው ሲነሳ ግድግዳችን ይንቀጠቀጣል፤ የዱቄቱ ብናኝ በስንጥቁ ገብቶ ያልደረቀ ኮላ ላይ ያርፋል። ጋሼ መኩሪያ በየቀኑ ወፍጮ ቤቱን ይረግማሉ፤ በየቅዳሜው ደግሞ ከባለወፍጮው ጋር ካርታ ይጫወታሉ። ጎጃም ተወልደው በልጅነታቸው አዲስ አበባ የመጡ፣ በአንድ ትልቅ ማተሚያ ቤት ሙያውን ተምረው የወጡ ሰው ነበሩ። ቁጣቸው ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎ ይሄዳል።

ሱቋ ጠባብ ብትሆንም ማዕረግ ነበራት። አዲስ ገቢ አጣፊ ይባላል፤ ከቀንድ በተሠራ ማጠፊያ ወረቀት ሲያጥፍ ይውላል። ቀጥሎ ኮላ ቀቢ፣ ከዚያ ሰፊ ይሆናል። ሰፊ ሲሆኑ ወስፌና መርፌ በራስ ስም ይሰጣል። ዋና ጠራዡ ጋሼ ነበሩ፤ መጽሐፍ ጨምቆ የሚይዘውን ሞርሳና መቁረጫውን በኃላፊነት የያዙት እሳቸው ናቸው። እኔ በሁለተኛው ዓመቴ ሰፊ ሆንኩ። የትምህርት ቤት ደብተር፣ የእድር መዝገብ፣ የቀበሌ መዝገብ፣ የተማሪዎች የተገነጣጠለ መጽሐፍ ሁሉ በእጄ ያልፋል። የሰፋሁት አይላቀቅም ነበር። ይህን ስል ለጉራ አይደለም፤ ጎበዝ መሆኔ በኋላ ጉድ አፍልቶብኛል።

በዚያን ጊዜ ቀበሌያችን ከአንድ ባለሀብት ቤት የወረሰው ቴሌቪዥን ነበረው። አዳራሹ ውስጥ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ፣ በሳምንት አንድ ምሽት ከስብሰባ በኋላ ይከፈታል። እኛ «መርከቧ» የምንለው ተከታታይ ፊልም የሚታየው ያኔ ነው። በእንግሊዝኛ ረጅም ስም ነበረው፤ ኮልፌ ውስጥ በሙሉ ስሙ ሲጠራው የሰማሁት ሰው የለም። በጠፈር ውስጥ የምትሄድ መርከብ ናት። ካፒቴን አላት፣ አንዲት ሴት ዶክተር አለች፣ አንድ መካኒክ አለ። የሰፈሩ ሰው የሚወደው መካኒኩን ነበር፤ የተበላሸውን ሁሉ በሽቦ አስሮ ያስነሳል፣ ደግሞ በጭራሽ አይስቅም። በመጨረሻ ባየነው ክፍል መርከቧ መካኒኩን አንድ በረዶ የሸፈነው ዓለም ላይ ጥላው ሄደች። በሚቀጥለው ሳምንት ቀድመን ሄደን ቦታ ያዝን። ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ንግግር ነበር። ፊልሙ ከዚያ በኋላ ተመልሶ አልመጣም። ለምን ቀረ ብሎ የጠየቀም አልነበረም፤ መጠየቅ ራሱ የቀረበት ጊዜ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ መምህር አስራት ወደ ሱቋ መጣ። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው፤ ቀጭን፣ ሲናገር መነጽሩን የሚያወልቅ ሰው። ጀርባቸው የተላቀቀ አምስት መጻሕፍት ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። «ጋሼ፣ እነዚህን ከሞት ያትርፉልኝ» አላቸው። መርከብ ላይ የሚሠራ የአክስቱ ልጅ ከአሰብ ነው የላከለት። ፊልሙ ከቆመበት የሚቀጥሉ ልብ ወለዶች ናቸው፤ እያንዳንዱን የጻፈው ሌላ ሌላ ደራሲ ነው።

ኮላ የያዘ ብሩሼን እንዳነሳሁ ቀረሁ። «መካኒኩ ከበረዶው ወጣ?» አልኩ፣ ሳላስበው። ጋሼ ገላመጡኝ። መምህሩ ግን መነጽሩን አወለቀና ሳቀ። «እሱ ላይ እኮ ነው ጠቡ! ያነበቡት ሰዎች እቤቴ መጥተው ሊደባደቡ ነው። አንዱ ወጣ ይላል፣ ሌላው የወጣው እሱ አይደለም ይላል።»

«እንግዲያው መጨቃጨቂያ ወረቀት ልስፋልህ» አሉት ጋሼ፣ እንደ ቀልድ። ቀልድ ሆኖ አልቀረም። በእያንዳንዱ መጽሐፍ ጀርባ አራት ነጭ ወረቀት መሃል ለመሃል አጥፈን፣ ስምንት ቅጠል አድርገን ሰፋን። ያነበበ ሰው አስተያየቱን እዚያ ይጽፋል። መጻሕፍቱ ሱቋ ውስጥ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ፤ አንባቢ ሥራው ወደዚህ ሲያመጣው ይወስዳል፣ ሲጨርስ ይመልሳል። እንግሊዝኛ አንብቦ የሚገባው ሰው በሰፈሩ ብዙ ስላልነበረ አንባቢዎቹ ሰባት ብቻ ነበሩ።

ስማቸውን አይጽፉም ነበር። መምህሩ የመጽሐፉ ባለቤት ስለሆነ ፊት ለፊት መጽሐፍህ አይረባም ማለት ከበዳቸው። ስለዚህ ከመርከቧ የሥራ ክፍሎች ስም እየመረጡ ይፈርማሉ። አንዱ «ሞተር ክፍል» ነው፣ አንዱ «ሬዲዮ ክፍል»፣ አንዱ «ሁለተኛ መኮንን»። እኔ ግን ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ሰው ሲጽፍ እስክሪብቶውን እንዴት እንደሚጫን ጠራዥ ይለያል፤ ደግሞስ መጽሐፉን ማን ወስዶ ማን እንደመለሰ የማየው እኔው ነኝ።

የእኔ እንግሊዝኛ አሥረኛ ክፍል ላይ የቀረ ነው። መጻሕፍቱን አላነበብኩም። አስተያየቶቹን ግን አንዲት ሳላስቀር አነባለሁ፤ በአማርኛ ነበር የሚጽፉት። መጽሐፍ ሲመለስ ስፌቱን ልፈትሽ በሚል ሰበብ ጀርባውን ገልጬ እቀመጣለሁ።

ሞተር ክፍል እንዲህ ጻፈ፦ «መካኒኩ በፊልሙ ላይ አንድ ቀን ስቆ አያውቅም። እዚህ ገና አሥረኛው ገጽ ላይ ሳቀ። ደራሲው ፊልሙን አላየውም፤ ካየውም እየተኛ ነው።»

«የመርከቧ ነርስ» ብላ የምትፈርመው እውነተኛ ነርስ ነበረች፤ ቤተሰቦቿ ከከፋ መጥተው ሰፈራችን የከረሙ፣ ቅቤና ማር የሚነግዱ ናቸው። እንዲህ አለች፦ «ዶክተሯ በፊልሙ ላይ መርፌ የምትወጋው በግራ እጇ ነው። እዚህ በቀኝ አደረጓት። ትንሽ ነገር ነው የሚል ይኖራል። መርፌ ለሚወጋ ሰው ትንሽ አይደለም።»

«ወጥ ቤት» የሚለው ደግሞ፦ «ሦስት መቶ ገጽ አነበብኩ። አንድ ሰው እንኳ ምሳ አልበላም። እኔ በዚህች መርከብ አልሄድም።»

ሁለተኛ መኮንን መምህር አስራት ራሱ ነበር። «መጽሐፉ ከፊልሙ ይበልጣል» ብሎ ጻፈ። «በፊልሙ የሰውን ፊት እናያለን፤ እዚህ ሰው ዝም ሲል ምን እያሰበ እንደሆነ ይነግሩናል።» ሬዲዮ ክፍል ከሥሩ መለሰለት፦ «ለእኔ ፊቱ ይበቃኝ ነበር። ከበረዶው የወጣው ሰውዬ መካኒኩ አይደለም። ሽቦ የማያነሳ መካኒክ የለም።»

እንደዚያ ያለ ደስታ ነበረኝ። አንድ ሰው መጽሐፍ ይዞ ሲገባ ልቤ ይመታ ነበር፤ ያን ጊዜ ገና በደስታ ነበር።

ከዚያ ክፉው ጊዜ መጣ። ሰው ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ ማታ አለመመለስ ጀመረ። ከእኛ በላይ ያለው መንደር ውስጥ አንድ ወጣት ተወሰደ፤ ምክንያቱ እቤቱ የተገኘ ደብተር ነው ተባለ። ደብተሩ ውስጥ የሰው ስም ነበር፣ ግን እውነተኛ ስም አልነበረም። በድብቅ የሚደራጁ ሰዎች በሐሰት ስም ይጠራራሉ፣ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ያስተላልፋሉ፣ በቡድን በቡድን ሆነው ይሠራሉ ተብሎ በስብሰባ ላይ ተነገረን። እኔ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ እየሰማሁ በልቤ ቆጠርኩ። ሰባት ሰዎች፣ በሐሰት ስም፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚያስተላልፉት ጽሑፍ። የእኛው መደርደሪያ ላይ ነበር።

ለጋሼ ነገርኳቸው። «ስለ ጠፈር መርከብ እኮ ነው» አሉኝ። «ማን አንብቦ ያጣራል ጋሼ?» አልኩ። «እስቲ ነገ እናያለን» አሉኝ።

ነገ አልጠበቀንም። በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ለቀብር ቀራንዮ መድኃኔዓለም ሄደው ብቻዬን ነበርኩ። ባለወፍጮው በሩን ከፍቶ «አሰሳ ነው፤ አጠና ተራን ዘግተውታል፣ ቤት ለቤት እየመጡ ነው» ብሎኝ ሮጠ። ወፍጮው ቆመ። ያን ጸጥታ እስካሁን እጠላዋለሁ።

መጻሕፍቱን አወረድኩ። የጋሼን ቢላዋ አነሳሁ። የተጻፈባቸውን ቅጠሎች ከሥር ከሥራቸው እየቆረጥኩ አወጣሁ፤ ከእያንዳንዱ መጽሐፍ አራት አራት ቅጠል። ቀሪዎቹ አራት አራት ገና ያልተጻፈባቸው ስለነበሩ ተውኳቸው። የቆረጥኩትን የት ልጣለው? ምድጃ የለንም፣ ጉድጓድ የለንም። ጠረጴዛው ላይ ሽፋን እየለበሰ ያለ የቀበሌው መዝገብ ነበር። በካርቶኑና በሸራው መሃል አስገብቼ ሸራውን አጠፍኩበት፣ ሞርሳው ውስጥ ከትቼ አጠበቅኩት። መጻሕፍቱን መልሼ ደረደርኩ። ጋሼ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ሲገቡ፣ የቀበሌው ዘበኞች ከኋላቸው ገቡ።

የአብዮት ጥበቃው ቡድን መሪ ዘለቀ ነበር። ድሮ አጠና ተራ ግንድ የሚያወርድ፣ ከቤታችን ጀርባ የሚኖር ሰው ነው። አሁን ጓድ ዘለቀ ይባላል፤ ጠመንጃ ይዟል። መጀመሪያ ያየው ሞርሳውን ነው። መዝገቡን በጣቱ ነካ አደረገ። «የኛ ነው? አላለቀም እንዴ?»

«ኮላው አልደረቀም ጓድ» አልኩ።

ተወው። ወደ መደርደሪያው ሄደና አንዱን መጽሐፍ አንስቶ ገለጠው። አራት ነጭ ቅጠሎች ወለሉ ላይ ረገፉ።

አንድ ወረቀት መሃሉ ላይ ሲታጠፍ ሁለት ቅጠል ነው፤ አንዱ ሌላውን ይዞ ይቆማል። አንዱን ከሥሩ ከቆረጡት ተጓዳኙ የሚይዘው ነገር የለም። ማድረግ የነበረብኝ ክሩን በጥሼ ስምንቱንም ማውጣት ነበር። ይህን ማንም አጣፊ በመጀመሪያው ሳምንቱ ያውቀዋል። እኔም አውቀው ነበር። በፍርሃት እጄ ረሳው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ዘለቀ።

«ባዶ ወረቀት ነው ጓድ።»

«ባዶነቱን አያለሁ። ለምን ይወድቃል? አንቺ የሰፋሽው መዝገብ ዓመት ሙሉ ስንገልጠው ከርመን አንድ ቅጠል አልወደቀም።» ሁለተኛውን ገለጠ። ረገፈ። ሦስተኛውን ገለጠ። ረገፈ። «የተቆረጠ ነገር አለ። ማን ነው የቆረጠው?»

ጋሼ መኩሪያ ወለሉን አዩ፣ እኔን አዩ። «እኔ ነኝ» አሉ።

«ምን ነበረበት?»

«ያነበቡ ሰዎች አስተያየት።»

«የእነማን?»

«ስም አይጽፉም።»

ዘለቀ ቀና ብሎ አያቸው። «ስም የማይጽፍ ሰው» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ በኋላ ነጠላቸውን እንኳ እንዲያስተካክሉ አልጠበቋቸውም። ይዘዋቸው ሄዱ።

አሥራ አንድ ቀን ዝም አልኩ። በየቀኑ ነገ እሄዳለሁ እላለሁ። የጋሼ ባለቤት እትዬ አስካለ በየቀኑ ለቀበሌው እስር ቤት ምግብ ታደርሳለች፤ ሳህኑ ባዶውን ሲመለስ በሕይወት አሉ ማለት ነው። ስትመለስ በሱቋ በኩል እያለፈች ሳህኑን ታሳየኛለች። «የሺ፣ ምን ወረቀት ነው የቆረጠው ይሄ ሰውዬ?» ትለኛለች። አላውቅም እላታለሁ። ዓይኗን አይቼ አላውቅም አልኳት፤ አሥራ አንድ ጊዜ።

መምህር አስራትም መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። «ማን ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩት። እንደማውቅ ያውቃል። «እኔ ልሂድና ልናገር ይሆን?» አለ። መልስ የጠበቀ አልመሰለኝም። መነጽሩን አወለቀ፣ አደረገ፣ ሄደ። አልፈርድበትም፤ እኔስ የት ሄጄ ነበር?

ወረቀቱን ካልወሰድኩ ጋሼ ይጠፋሉ። ከወሰድኩ ሰባት ሰው በእጅ ጽሑፉ ይያዛል። መዝገቡ ሞርሳው ውስጥ ነው፤ ቀበሌው ደግሞ በየሁለት ቀኑ ሰው ልኮ አልደረቀም ወይ ይላል። ኮላ አሥራ አንድ ቀን እንደማይፈጅ ማንም ያውቃል።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን እትዬ አስካለ ሳህኑን ይዛ መጣች። ክዳኑን አንስታ አሳየችኝ። እንደሄደ ነው የተመለሰው፤ አልተነካም። አላለቀሰችም፤ ሳህኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ተነሳሁ። መዝገቡን ከሞርሳው አወጣሁ፣ ሸራውን ቀደድኩ፣ ሃያውን ቅጠል አወጣሁ። መንገድ ላይ ሰላም ያለኝን ሰው ሁሉ አልመለስኩም።

ቀበሌ ስደርስ ዘለቀ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል፤ ጠመንጃው ጉልበቱ ላይ ተደግፏል። «የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አልኩት። «ጋሼ መኩሪያ እዚያም አልነበሩም። ይኸው።»

ወረቀቱን ተቀበለኝ። «ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ለጨዋታ ነው። ስም እየቀያየርኩ።»

ቅጠሎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። አንዱ ጽሑፍ ድቡልቡል ነው፣ አንዱ ረጃጅም፣ የነርሷ ደግሞ እንደ መድኃኒት ማዘዣ የተጣደፈ። «ሰባት ዓይነት እጅ አለሽ?» አለኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋልኝ። «ጻፊ። ከየአንዳንዱ አንድ አንድ መስመር ገልብጪልኝ።»

እጄ እንዴት ይንቀጠቀጥ እንደነበር መናገር አልችልም። የመጀመሪያው መስመር ግዙፍ ሆኖ ወጣ። ሁለተኛው ወደ ታች ወረደ። በሦስተኛው እስክሪብቶው ከላቤ የተነሳ አመለጠኝ፤ ፊደሎቹ ተቆራረጡ። አራተኛውን በሁለት እጄ ይዤ ነው የጻፍኩት። ሰባቱን መስመር ስጨርስ የአንድ ሰው የሚመስሉ ሁለት መስመሮች እንኳ አልነበሩም። አንዳቸውም ከዋናዎቹ ጋር አይመሳሰሉም፤ እርስ በርሳቸውም አይመሳሰሉም።

ዘለቀ ወረቀቱን አነሳ። ከዋናዎቹ ጋር አስተያየው። «እንጃ» አለ። ከዚያ አስተያየቶቹን በጣቱ እየተከተለ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፤ ንባቡ ቀርፋፋ ነበር። «መካኒኩ... በፊልሙ ላይ... አንድ ቀን... ስቆ አያውቅም።» ጣቱ እዚያ ላይ ቆመ።

«እውነት ነው» አለ። «ስቆ አያውቅም።»

ቀና አለ። ፊቱ ያ ግንድ የሚያወርደው ዘለቀ ሆነ። «ከበረዶው ወጣ?»

ያላነበብኩትን መጽሐፍ ነገርኩት። ከሞተር ክፍል፣ ከነርሷ፣ ከሬዲዮ ክፍል የለቀምኩትን አገጣጥሜ፣ የጎደለውን ከራሴ እየሞላሁ፣ ቆሜ አወራሁለት። አንዴ አቋረጠኝና «ሽቦ አላነሳም? እንግዲያው እሱ አይደለም!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። እኔ በድንጋጤ ዘለልኩ። ስጨርስ ወረቀቶቹን ሰብስቦ መሳቢያው ውስጥ ከተታቸው። «ሂጂ» አለኝ።

«ጋሼስ?»

«ሂጂ ነው ያልኩሽ።»

ጋሼ መኩሪያ ከሁለት ቀን በኋላ መጡ። ከስተዋል፤ በግራ ጆሯቸው አይሰሙም። ሰላም ሳይሉኝ መጻሕፍቱን አውርጂ አሉኝ፤ የቆረጥኩበትን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። «ክሩን በጥሰሽ ስምንቱንም ማውጣት ነበር» አሉ።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«እሱ ነው የሚያናድደኝ። ታውቂያለሽ።»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። ለምን እኔ ነኝ እንዳሉ ጠየቅኳቸው። «ውጭ ሰሌዳው ላይ የማን ስም ነው የተጻፈው?» አሉና ወፍጮ ቤቱን መርገም ጀመሩ።

አለቀ ብዬ ነበር። በሳምንቱ ዘለቀ ጠመንጃውን እንደያዘ ሱቋ ገባ። ቅጠሎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «መልሰሽ ስፊያቸው» አለኝ። «አስተያየቱም ይቀጥል። እየመጣሁ አነባለሁ።»

«ጓድ፣ የጻፍኩት እኔ...»

«እንግዲያው አንቺ ቀጥዪ» አለኝ፣ ሳይስቅ። «በሰባቱም እጅ።»

ለመምህሩ ነገርኩት፤ እሱ ለሌሎቹ አደረሰ። መጻፍ ካቆሙ ውሸቴ ይወጣል። ስለዚህ መጡ፤ አንድ በአንድ፣ መጽሐፉን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ። የሚወስዱት መጽሐፍ ላይ ስማቸውን በደማቸው የሚፈርሙ ይመስሉ ነበር። ነርሷ መጽሐፉን ስትመልስ እጇን እንደ እኔ አልቧት ነበር። ገልጬ አነበብኩ። «ጥሩ መጽሐፍ ነው» ይላል። ሞተር ክፍል፦ «ጥሩ መጽሐፍ ነው።» ወጥ ቤት፦ «ጥሩ መጽሐፍ ነው፤ ሁሉም ሊያነበው ይገባል።» ሬዲዮ ክፍል መካኒኩን ተቀበለው፦ «ከበረዶው መውጣቱ አስደስቶኛል።» ሁለተኛ መኮንንም በዚያ ባማረ ጽሑፉ፦ «ጥሩ መጽሐፍ ነው።»

ዘለቀ በየአሥራ አምስት ቀኑ እየመጣ ያነብ ነበር። በሦስተኛው ጊዜ መጽሐፉን ከድኖ ጉልበቱ ላይ፣ ከጠመንጃው አጠገብ አስቀመጠው።

«ምን ነካቸው?» አለ። «ነካሽ» ሳይሆን «ነካቸው» ማለቱን ሰማሁት። እንደሰማሁትም አየ። ግድ አልሰጠውም። «ድሮ እንዲህ አልነበረም የሚጽፉት። ያቺ የግራ እጅ የምትለዋ፣ ያ ምሳ የሚለው፣ የት ሄዱ?»

ጋሼ መኩሪያ በደህናው ጆሯቸው ዞር አሉ። «እርስዎ እንደሚያነቡት ያውቃሉ ጓድ» አሉት።

ዘለቀ ሁለታችንንም አየን። የተቆጣ አልነበረም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እኔ ምን አደረግኳቸው?» አለ።

መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ለንባብ አልመጣም። አንባቢዎቹም አልመጡም። መምህር አስራት በዓመቱ ወደ ክፍለ ሀገር ተዛወረ፤ መጻሕፍቱን ሳይወስድ።

ጋሼ ካረፉ በኋላ ሱቋን እኔ ያዝኳት፤ ጡረታ እስክወጣ ብዙ ልጆች አሠልጥኛለሁ። ስለ መርከቧ ለአንዳቸውም አልነገርኳቸውም። የምነግራቸው የሥራውን ነው፤ የፈራ ሰው ቢላዋ አያነሳም።